የሳነቴ ዳገትና የካምቢዮው ዘይት

ከጎባ ተነሥቶ በባሌ ተራሮች ራስ ላይ በማለፍ ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ውስጥ ጋቢም ያስፈልገዋል ፤ ጃንጥላም ያስፈልገዋል። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። መንገዱ ከዚያ ሽቅብ ወጥቶ ሳነቴ ከሚባለው የተራራ ላይ ሜዳ ሲደርስ ከፍታው ከ4000 ሜትር ያልፋል ፤ ከዚያም በድንገት ቁልቁል ይታጠፍና በሐረና ጫካ መካከል እየተጠማዘዘ ወርዶ ፀሐይዋ ሸሚዝ ከምታስወልቅበት ከደሎ መና ቆላ ይገባል። ርቀቱ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። የጂኦግራፊ መምህር የሆነው ባልደረባዬ ደጋ ፣ ወይና ደጋ ፣ ቆላ እያለ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ለሚከርመው ትምህርት በዚህ መንገድ ላይ አንድ ቀን ይበቃው ነበር።

እኔ ግን የማስተምረው ፊዚክስ ነው። በዚህም ይሁን በሌላ ምክንያት ፤ በ2016 ዓ.ም. በየካቲት ወር በዚህ መንገድ ያደረግሁትን ጉዞ ባስታወስሁ ቁጥር ከቀይ ቀበሮው ፣ ከጅብራውና ከጫካው ጋራ አብሮ ፊቴ ላይ የሚደቀነው አንድ ቀጭን የብረት ዘንግና በጫፉ ላይ የተንጠለጠለ የዘይት ጠብታ ነው።

መኪናችን ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያለው ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የተሠራ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ነበር። በአገራችን የዚህ ዓይነት መኪና አብዛኛው በእጅ ማርሽ የሚነዳ ሲሆን ይህኛው ኦቶማቲክ ነው። ባለቤቱም ሹፌሩም አንድ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ተጠግቷል ፤ ብዙ ዘመን ለሰው ሲነዱ ኖረው በመጨረሻ ያጠራቀሙትን ሁሉ አራግፈው ከሐራጅ ላይ ገዙት። አሁን ጎብኚ እያመላለሱ ሦስት ልጆች ያስተምሩበታል። ካምቢዮው ቢበላሽ ማስለወጫው ስንት ያስወጣል ብዬ ስጠይቃቸው «መኪናውን ሸጬ ነው ካምቢዮ የምገዛለት» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን እንደ ቀልድ ሳቅ አልነበረም።

የእኔ ጉዳይ ቀላል ነበር። በደሎ መና የሚያስተምር የኮሌጅ ጓደኛዬ ላቦራቶሪ የሚባል ነገር የሌለው ስለሆነ ሁለት ሣጥን ዕቃ ፤ ሚዛን ፣ ቴርሞሜትር ፣ መስታወትና ሽቦ ለቃቅሜ እወስድለታለሁ። ከኋላ ወንበር ላይ ደግሞ አንዲት አሮጊት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋራ ተቀምጠዋል። ጎባ ሕክምና ላይ ሰንብተው ወደ ቤታቸው ወደ ደሎ መና መመለሳቸው ነው። ብርድ እንዳይመታቸው ሐኪሙ አጥብቆ አዟል ፤ ሹፌሩም በጋቢና በብርድ ልብስ ጠቅልለዋቸው «እማማ ፤ ምሳዎትን ቤትዎ ነው የሚበሉት» ብለው ቃል ገብተውላቸዋል። እሳቸውም በኦሮምኛ መረቋቸው።

ከጉዞው ሁለት ቀን አስቀድሞ አንድ ትንሽ ነገር ተደርጎ ነበር። መንገድ ዳር ባለ አንድ ጋራዥ ጎማ ስናስነፋ ፤ ትሕትናው የሚያስደስት አንድ ወጣት መካኒክ «ዘይቱንም ልይላችሁ» ብሎ ኮፋኖውን ከፈተ። መኪናው ቆሞ አድሯል ፤ ሞተሩም ጠፍቷል። ልጁ የሞተሩን ዘይት አየ ፤ ደኅና ነው። ቀጥሎ የካምቢዮውን መለኪያ ዘንግ መዝዞ በጨርቅ ጠረገና መልሶ ከቶ አወጣው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ታየ። «ጋሼ ፤ ይሄ በዝቷል ፤ ካምቢዮ ዘይት ሲበዛ ጥሩ አይደለም» አለ። ይህን ማለቱ እውነት ነው። በቀጭን ቱቦ እየሳበ ምልክቱ ላይ እስኪወርድ ድረስ በውኃ ፕላስቲክ ቀዳውና ገንዘብ እንኳ አልቀበልም አለ። ሹፌራችን ያን ጊዜ ከጋራዡ በር ላይ ቆመው በስልክ ይነጋገሩ ነበር። የተቀዳውን ዘይት ለማጠፊያ ብረቶች ይሆናል ብለው ከመቀመጫ ሥር አስቀመጡት ፤ እንዴት እንደ ተለካ ግን አላዩም። እኔ አይቻለሁ ፤ ነገር ግን ያየሁት ምን እንደ ሆነ አላወቅሁም።

አንባቢዬ በዚህ ላይ ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ ፤ የኋላው ታሪክ ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ነውና።

በእጅ ማርሽ በሚሄድ መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው ፤ ጠጣር ከጠጣር ጋራ ተጣብቆ ይዞራል። በኦቶማቲክ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ዘይት ነው። ለተማሪዎቼ የማስረዳው በሁለት የጠረጴዛ ቬንቲሌተሮች ነው። ሁለቱን ፊት ለፊት አቁመህ አንዱን ብቻ በኤሌክትሪክ ብታዞረው ከእሱ የሚወጣው ነፋስ ያልተሰካውንም ያዞረዋል። በመኪናው ውስጥ የነፋሱን ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው። አንዱ መዘውር ከሞተሩ ጋራ ይዞራል ፤ ዘይቱን ይወረውራል ፤ ሌላው መዘውር ተቀብሎ ጎማውን ወደሚያዞረው ወገን ያስተላልፋል። በመካከል ደግሞ የዘይቱን አካሄድ የሚያቃና ሦስተኛ መዘውር አለ። ይህ ዕቃ ኮንቨርተር ይባላል። የወንዝ ወፍጮ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል ፤ ውኃው ሲያንስ ድንጋዩ እንደሚያንቀላፋው ሁሉ ዘይቱ ሲያንስ መኪናው ያንቀላፋል።

የዘይቱ ሥራ በዚህ አያበቃም። ማርሽ የሚቀይረው እጅ ስለ ሌለ ፤ ፓምፕ የሚገፋው ዘይት በቀጫጭን መንገዶች እየሄደ በውስጥ ያሉትን ስስ ዲስኮች አንዱን ያጣብቃል ፤ አንዱን ይለቃል። ጥርሶቹንም የሚያለሰልሰው ፤ ሙቀቱንም ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ወስዶ የሚያበርደው ይኸው ዘይት ነው። አንድ ሎሌ አራት ጌታ ያገለግላል ማለት ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ በዝግታ ዞሮ ብዙ ጉልበት የሚያወጣ ስለሆነ ፤ ረዥም ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ቀስ ሲል ሁለቱ መዘውሮች እኩል አይዞሩም ፤ የሚባክነው ጉልበት ሁሉ በዘይቱ ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ባለሙያዎች እንደ ልማድ የያዙት አንድ ስሌት አለ ፤ ከተገቢው በላይ በየ10 ዲግሪው ሙቀት በጨመረ ቁጥር የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል ይላሉ።

እንግዲህ ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል። በኮንቨርተሩ ውስጥ የነበረው ዘይት ቀስ በቀስ ወደ ታች ይመለስና የታችኛውን ሳሕን ይሞላዋል። በዚህ ሰዓት ዘንጉን የሚመዝዝ ሰው የሚያየው ዘይት በውሸት የበዛ ነው። ወጣቱ መካኒክ የሞተር ዘይት በሚለካበት ሕግ የካምቢዮን ዘይት ለካ ፤ ስለዚህ ትክክለኛውን ዘይት አጎደለው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ሰነፍ ሰው አይሠራውም ፤ ሰነፍ ዘንጉን አይመዝዝምና።

በማግስቱ ማግስት ጧት በአንድ ሰዓት ተኩል ከጎባ ወጣን። ሰማዩ የየካቲት ሰማይ ነው ፤ ጥርት ያለ። መንገዱ መጀመሪያ ጥድና ኮሶ ባለበት ዳር ይወጣል ፤ ከዚያ አሜጃ ይመጣል ፤ ቀጥሎም ግንዱ ጢም ያበቀለ የሚመስል የአስታ ጫካ ነው። ዛፉ እያጠረ እያጠረ ይሄድና ከወገብ በታች ሲሆን ሰው ሰማይ ላይ የደረሰ ይመስለዋል። ጠጠሩ ደረቅ ነበር። መኪናው በሁለተኛ ማርሽ እያጓራ ይወጣል ፤ የልጅ ልጁ መስኮቱን እየጠረገ ያያል ፤ እማማ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

አስታው እያለቀ ሳለ የሞተሩ ድምፅ በድንገት ከፍ አለ። መኪናው ግን አልፈጠነም ፤ እንዲያውም ወደ ኋላ የሚጎተት መሰለ። ከዚያ ጠቅ አድርጎ ያዘና ሄደ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ እንደ ገና እንዲሁ ሆነ። ዳገቱ ላይ መኪናው ወደ ኋላ ሲያዘነብል የቀረው ጥቂት ዘይት ወደ አንድ ወገን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል ማለት ነው ፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያወቅሁት የሹፌሩ ፊት እንደ ተለወጠ ብቻ ነው።

ብዙ ነጂ በዚህ ጊዜ ነዳጅ ይጨምራል። እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። እሳቸው እግራቸውን አነሡ ፤ ማርሹን ወደ ዝቅተኛው ሳቡና በእርምጃ ያህል እየሄዱ የመጨረሻዋን ዳገት አለፉ። ሜዳው ላይ እንደ ወጣን ለጥ ያለ ቦታ መርጠው ቆሙ። ሞተሩን ግን አላጠፉም። ወርደው አፍንጫቸውን ወደ መኪናው ሆድ አስጠግተው አሸተቱ።

«መምህር ፤ ና ሽተት» አሉኝ። ትኩስ ብረትና የሚጣፍጥ የሚመስል ዘይት ይሸታል። «የተቃጠለ ይሸታል?» አሉ። እንጃ አልሁ። «አይሸትም ፤ የተቃጠለ ቢሆን አትጠራጠርም ነበር» አሉና ትንፋሻቸው ተመለሰ።

ሳነቴ ለሚያየው ሰው የሌላ ዓለም አገር ነው። ከሰው በላይ ቁመት ያለው ጅብራ በየቦታው ብቻውን ቆሟል ፤ ከሩቅ ሲታይ ጋቢ ለብሶ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። በመካከሉ ትንንሽ ሐይቆች ያበራሉ። በስተ ደቡብ በኩል ቱሉ ዲምቱ ይታያል ፤ 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ቀይ ጉብታ ነው። መሬቱ በጉድጓድ የተበሳ ነው ፤ በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል የቆፈረው ነው። ያን ፍልፈል የሚጠብቀው ደግሞ ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም ተብሎ ሲገመት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በነዚሁ ተራሮች ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ በቆምንበት አንዱ ቀበሮ ከመቶ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ብቅ አለና በረዣዥም እግሮቹ ቆሞ ተመለከተን ፤ ችግራችን የማይመለከተው መሆኑን አረጋግጦም ወደ ፍልፈሉ ተመለሰ።

ይህ ሁሉ ያምራል ፤ ነገር ግን ነፋሱ እንደ ምላጭ ነው። በደረቁ ወራት ሌሊት ሌሊት ውኃው ይረጋል። አንዲት ታማሚ አሮጊት እዚህ አድራ የምትነጋበትን ሌሊት ማሰብ አልፈለግሁም። መኪና በዚህ መንገድ ላይ የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነበር። ሹፌሩ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አስደገፉ ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። «ስካርፍህን አውልቅ ፤ ቬንቲሌተሩ ይጎትትሃል» አሉኝና እኔን ከፊት አቆሙ ፤ እሳቸው ገብተው እግራቸውን ፍሬን ላይ እንደ ጫኑ ማርሹን ከፒ ጀምረው በየቦታው አንዳንድ ጊዜ እያቆዩ እስከ ኤል ወሰዱት ፤ እንደ ገና ወደ ፒ መለሱት። ይህ የሚደረገው ዘይቱ በየመንገዱ ገብቶ እንዲሞላ ነው። ከዚያ ወርደው የዘንጉን ራስና ዙሪያውን አቧራ ጠረጉ። አቧራው ተጠርጎ ሳያልቅ የተመዘዘ ዘንግ አቧራውን ወደ ውስጥ ይዞት ይወርዳልና። እኔ የጥጥ መሐረቤን ሳቀብላቸው አልተቀበሉም ፤ ብናኝ ክር የሌለበት ፤ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ ጨርቅ ከኪሳቸው አወጡ። የመርፌ ቀዳዳ በሚያህሉ መንገዶች ላይ አንዲት ክር ብትገባ ማርሹ የሚለወጥበትን ቫልቭ ልትይዝ ትችላለች።

ዘንጉ ላይ ሁለት ክልል ተመልክቷል ፤ አንዱ «ኩል» ሌላው «ሆት» ይላል። ቀዝቃዛው ለግምት ብቻ ነው ፤ የሚታመነው ሙቁ ሲሆን ፤ ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ፤ ማለትም መኪናው በደንብ ከተነዳ በኋላ ነው። መዝዘው ፣ ጠርገው ፣ እስከ ሥሩ ከተው እንደ ገና መዘዙት። ከሙቁ ክልል ቀርቶ ከቀዝቃዛውም በታች ጫፉ ላይ ብቻ እርጥበት ታየ።

ያን ጊዜ ነው ከሁለት ቀን በፊት ያየሁትን የተናገርሁት። ሞተሩ ጠፍቶ እንደ ተለካ ፤ መኪናው አድሮ እንደ ነበረ። ሹፌሩ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «አንተ መምህር ፤ ይህን ትናንት ብትነግረኝ ኖሮ እዚህ ቆመን ቀበሮ አንቆጥርም ነበር» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስለ ፈሳሽ ነገሮች ግፊት ተምሬያለሁ።

ጠብታውን ከቦርሳዬ ባወጣሁት ትርፍ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ አንጠባጠብን። ነጭ ወረቀት ለዚህ ነገር ጥሩ ዳኛ ነው። አዲስ ዘይት እንደ ወይን ጠጅ ቀይና ብሩህ ይሆናል ፤ የሠራ ዘይት ወደ ቡናማ ያደላል ፤ የጠቆረና የተቃጠለ የሚሸት ከሆነ ዲስኮቹ መበላት ጀምረዋል። ወተት የነካው ሮዝ መስሎ ከታየ ደግሞ ውኃ ገብቶበታል ፤ ወይ ከራዲያተሩ ውስጥ ሾልኮ ነው ፤ ወይም መኪናው ጥልቅ ወንዝ ሲሻገር በመተንፈሻው በኩል ገብቶ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ጎትቶ መውሰድ እንጂ መንዳት ደኅና አይደለም። የእኛ ጠብታ ጥቁር ሻይ የመሰለ ቀይ ነበር። መጥፎ አይደለም ፤ ጎደሎ ነው እንጂ።

ሹፌሩ ከኋላ ሣጥናቸው ያልተከፈቱ ሁለት የአንድ ሊትር ጣሳ አወጡ። ይህ የብዙ ዘመን ልምድ ነው ፤ ሰው ወደ ሳነቴ ሲወጣ ትርፍ ጎማ እንደሚይዝ እሳቸው ትርፍ የካምቢዮ ዘይት ይይዛሉ ፤ ያውም ዓይነቱ መጽሐፉ የሚያዘው ዴክስሮን ነው። ዘይት ሁሉ ዘይት አይደለም። በኋላ የተሠሩት መኪኖች ሌላ ስም ያለው ዘይት ይፈልጋሉ ፤ አንዱን በሌላው ቦታ ማፍሰስ ዲስኮቹ እንዲንሸራተቱ ወይም እንዲነቃነቁ ያደርጋል። ከመቀመጫ ሥር ያለውን የተቀዳ ዘይት ለምን አንመልሰውም ብላቸው ፕላስቲኩን በፀሐይ አንሥተው አሳዩኝ። ከሥሩ አሸዋ ተኝቷል። የውኃ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጠን ፤ ከላቦራቶሪ ዕቃዬ ውስጥ ንጹሕ የጎማ ቱቦ ሰክተን በዘንጉ ቀዳዳ በኩል ማፍሰስ ጀመርን። የአቶ አርኪሜዲስ ቱቦ እንዲህ ላለው ሥራ ይውላል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

ግማሽ ሊትር አፈሰሱ ፤ ጠበቁ ፤ ማርሹን አመላለሱ ፤ ለኩ። እንደ ገና ግማሽ ሊትር። እንደ ገና ግማሽ። ነፋሱ ጣቶቼን አደንዝዞኝ ስለ ነበር የቀረውንም እንድንገለብጠው ጠየቅሁ። ዘንጉ ከሙቁ ክልል የታችኛውን ምልክት ነክቶ ነበር።

«አይሆንም» አሉ። «ቆሞ በርዷል ፤ ሲሞቅ ራሱ ይነሣል። ከበዛ የሚዞረው ዕቃ ይነካዋል ፤ አረፋ ያደርገዋል ፤ አረፋ ደግሞ አየር ነው። ከጎደለ ጋራ አንድ ነው።» ከበዛም በመተንፈሻው ወጥቶ የጋለ ጭስ መውጫ ላይ ሊፈስ እንደሚችል ጨመሩ። ስለዚህ አንድ ሊትር ተኩል ላይ ቆምን። ከመቀመጫ ሥር ያለው ፕላስቲክም አንድ ሊትር ተኩል ያህል ነበር የያዘው።

ሁሉም ነገር ሃምሳ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ከዚህ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የወሰደው መጠበቅ ነው። እማማ አንድ ጊዜ ብቻ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ልጆቼ ፤ ሻይ ላፍላላችሁ?» ብለው ቀልደዋል። ቢያፈሉልንም ሻዩ ደኅና ሻይ አይሆንም ነበር ፤ በዚህ ከፍታ ውኃ ገና በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ወደ 60 በመቶ ስለሚወርድ ነው። ለራዲያተሩም የሚደርሰው አየር ስስ ነው ፤ ነፋሱ ቢበርድም ከታች አገር አየር ያነሰ ሙቀት ይሸከማል። ሰው በብርዱ ተታሎ ካምቢዮው አይሞቅም ብሎ ማሰብ የለበትም።

ከሳነቴ ጫፍ ወደ ሪራ ያለውን ቁልቁለት ለመግለጽ ብዕሬ አይበቃም። አንድ ደቂቃ ሜዳው ላይ ናችሁ ፤ በሚቀጥለው ደቂቃ ከእግራችሁ በታች እስከ ሰማይ ዳርቻ አረንጓዴ ጫካ ተነጥፎ ይታያችኋል። ደመናው ከታች ነው። ሹፌራችን ማርሹን ኤል ላይ አድርገው ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው አደረጉ። ኦቶማቲክ ስለ ሆነ ዲ ላይ ትቶ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ከሥር ሲደርስ ፍሬኑ ይጨሳል። ማርሹ ሲይዝ አንዴም አልተንሸራተተም። ሹፌሩ ይህን ለማረጋገጥ ይመስለኛል በየመታጠፊያው ጆሯቸውን አዘንብለው ይሰሙ ነበር።

በሪራ ቡና ጠጣን። የሐረና ቡና ሰው ያልተከለው ፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ የበቀለ የጫካ ቡና ነው። ከመንደሩ በታች ቀርከሃው ይጀምራል ፤ ከዚያ ሽበት በመሰለ ነገር የተሸፈኑ ግዙፍ ዛፎች ይመጣሉ ፤ በቅርንጫፎቻቸው ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። በዚህ ጫካ አንበሳ አለ ይባላል ፤ አለም። እኛ ያየነው ዝንጀሮና ማር ሻጭ ልጆችን ነው። የልጅ ልጁ ጃኬቱን አወለቀ ፤ ቀጥዬ እኔ ፤ በመጨረሻም እማማ ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ እንደ ሙሽራ ብቅ አሉ።

ደሎ መና ስንደርስ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። ምሳው ዘግይቷል። የእማማ ልጆች ከሩቅ አይተውን ሮጠው መጡ ፤ በእጃቸው ተሸክመው አስገቧቸው። ሹፌሩ ግን ቡናው እስኪቀርብ ድረስ አልተቀመጡም። ሞተሩን ሳያጠፉ ኮፋኖውን ከፍተው እንደ ገና ለኩ። ዘይቱ በሙቁ ክልል ውስጥ ወደ ላይኛው ምልክት ጠጋ ብሎ ቆሟል። የቀረውን ግማሽ ሊትር አፍስሰነው ቢሆን ኖሮ ከምልክቱ ያልፍ ነበር። ዘንጉን አሳዩኝ እንጂ ምንም አልተናገሩኝም።

በማግስቱ ስንመለስ የጫካውን ዳገት በፎር ዊል ዝቅተኛው ማርሽ ወጡት። ቀርፋፋ ነው ፤ ነገር ግን ኮንቨርተሩ ብዙ ስለማይንሸራተት ዘይቱ አይግልም። ሳነቴ ላይ አልቆምንም ፤ ቀበሮም አላየንም።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ሮቤ ላይ ዘይቱ ሲለወጥ እኔም ሄጄ ነበር። የታችኛው ብሎን ሲፈታ የሚወርደው ከጠቅላላው ግማሽ አይሞላም ፤ የቀረው በኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከጥቂት ቀን መንዳት በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ይደገማል። ሳሕኑ ሲወርድ በውስጡ ያለው ማግኔት ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ልም ብረት ተጣብቆ ነበር ፤ ያ የዕድሜ ነው ፤ የሚያስፈራው ስንጥር ብረት ወይም የዲስክ ፍርፋሪ ቢገኝ ነው ፤ አልተገኘም። ፊልትሮው ተለወጠ። በጠጠርና በዳገት ላይ ለሚሠራ መኪና በየ40000 ኪሎ ሜትሩ ይህን ማድረግ ጥሩ ነው ይላሉ። በቅርብ ዓመታት የተሠሩት መኪኖች ብዙዎቹ የመለኪያ ዘንግ የላቸውም ፤ ከሥር በኩል ባለ ብሎን ፤ ዘይቱ በተወሰነ ሙቀት ሳለ ነው የሚለኩት ፤ ያን ደግሞ ቴርሞሜትር ላለው ባለሙያ መተው ይሻላል። ሆንዳዎች ደግሞ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ወዲያው ነው የሚለኩት። ስለዚህ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ዘንጉን አይመን።

ሲመለሱ ሹፌሩ በዚያ መንገድ ዳር ባለው ጋራዥ በር ላይ አቆሙ። ልቆጣው ነው ብለው የነበረ መስሎኛል ፤ ልጁ ግን ገና ሲያያቸው «ጋሼ ፤ እንዴት ሆነላችሁ?» ብሎ በደስታ ወጣ። ቁጣው የት እንደ ገባ አላውቅም። «ና እስቲ አንድ ነገር ላሳይህ» አሉትና ሞተሩን ሳያጠፉ ኮፋኖውን ከፈቱ። ዘንጉን በሞተሩ ሥራ ላይ አንድ ጊዜ ለኩለት ፤ ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ጠብቀው ሁለተኛ ጊዜ ለኩለት። ልጁ ሁለቱን ምልክት አይቶ ራሱን ያዘ። «ባለፈው ስንት ቀዳሁ?» አለ። አንድ ሊትር ተኩል አልሁት።

ወደ ውስጥ ገብቶ ትንሽ ብሩሽና ነጭ ቀለም ይዞ መጣ። ሹፌሩን አስፈቅዶ በኮፋኖው የውስጥ ወገን ፤ ማንም ሲከፍተው በሚያየው ቦታ ላይ ፤ በትልልቅ ፊደል ጻፈ ፤ «ካምቢዮ ፤ ሞተሩ እየሠራ ፤ ሞቆ ፤ ሜዳ ላይ ይለካ።» ፊደሉ እስኪደርቅ ኮፋኖው ተከፍቶ ቆየ ፤ እኛም ለስላሳ ጠጣን። በዚህ ጊዜም ገንዘብ አልቀበልም አለ።